ይድነቃቸው ተሰማ፦ የአፍሪካን እግር ኳስ በደንብ ያቆሙ አስተዳዳሪ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ (ከ1914 እስከ 1979 ዓ.ም.) የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ የሀገሪቱ እግር ኳስ አስተዳዳሪ፣ በመጨረሻም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት የነበሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ካፍን ለ15 ዓመታት የመሩ ሲሆን፣ ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የአገልግሎት ዘመናቸውን፣ የገጠሟቸውን ትግሎችና ለዛሬው ውድድር የተዉትን መሠረት ይዳስሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የውድድር አስተዳዳሪ ሥራ

ስለ እግር ኳስ ሲወራ ግብ አግቢው፣ ግብ ጠባቂው፣ አልፎ አልፎም አሠልጣኙ ይነሣሉ። መርሐ ግብሩን ያወጣውን፣ ተጫዋቾችን የመዘገበውን፣ ዳኛ የመደበውን፣ ክስና ይግባኝ ሰምቶ ውሳኔ የሰጠውን ሰው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ስሙ የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ ጥፋት ሲገኝ ነው።

በመቂና በባቱ አካባቢ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። የውሃ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው ከሌለ ከቦዩ ራስ ያለው ማሳ ሲጠግብ ከታች ያለው ይደርቃል። ተራ አስጠባቂው ዘመድና ባዳ ከለየ ደግሞ ተራ መኖሩ ብቻውን ጥቅም የለውም። ሊግም እንዲሁ ነው። ጉልበተኛውና ደካማው ክለብ በአንድ ደንብ ካልተዳኙ ጨዋታው ይቀጥል ይሆናል እንጂ ውድድር መሆኑ ይቀራል።

የአዳማ ነዋሪ ይህን በቅርብ ተመልክቷል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ መካሄድ ከጀመሩ በኋላ፣ ከ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አንሥቶ አዳማ ከአስተናጋጅ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ከየአቅጣጫው የመጡ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰባስበው፣ አንዱን ሜዳ በተራ እየተጠቀሙ ሲጫወቱ ከጨዋታው በስተጀርባ ምን ያህል የአስተዳደር ሥራ እንዳለ ግልጽ ሆኗል። አቶ ይድነቃቸው ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ የእርሳቸው ሜዳ ግን አህጉር ያህል ሰፊ ነበር።

ከጅማ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዘመናቸው የታወቁ ባለቅኔና ድምፃዊ ሲሆኑ፣ ወደ ጀርመን ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ቀደምት ኢትዮጵያውያን መካከል ናቸው።

ልጁ ያደገው በአዲስ አበባ ሲሆን በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተቀላቀለው ገና በአፍላ ዕድሜው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ያዘ። ወራሪው በሥራ፣ በመኖሪያ ሰፈርና በመዝናኛ ያደረገውን የዘር መለያየት በስፖርቱም ላይ ጫነ፤ የሀገሬው ተወላጆች ቡድኖች ለብቻቸው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። በቆዳ ቀለም የተከፋፈለ ውድድር ምን ማለት እንደሆነ ወጣቱ ይድነቃቸው ያዩት በገዛ ሀገራቸውና በገዛ ቡድናቸው ላይ ነው። በኋላ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ የያዙትን የማይናወጥ አቋም ለመረዳት ይህን የልጅነት ዘመን ማስታወስ ይገባል።

ከነፃነት በኋላ የሀገሪቱ እግር ኳስ እንደገና ተደራጀ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተሳተፉ፤ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ከአምስቱ አራቱ የውጭ ዜጎች ቡድኖች የነበሩበት ይህ ውድድር ወደ ብሔራዊ ሊግነት እንዲያድግ የሚጠበቀው ሥራ ብዙ ነበር። ይድነቃቸው በሜዳ ላይ የቡድናቸው ተጫዋች፣ ከሜዳ ውጭ ደግሞ ፌዴሬሽኑን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በቅዱስ ጊዮርጊስ መለያ ለ23 ዓመታት ያህል ተጫውተው በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ጫማቸውን ሲሰቅሉ፣ የአስተዳደሩን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ባለሙያ ነበሩ።

የካርቱም ጉባኤ

በሰኔ 1948 ዓ.ም. በሊዝበን በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ላይ የአፍሪካ ተወካዮች የአህጉሩን እግር ኳስ የሚመራ ድርጅት ለማቋቋም ተመካከሩ። ምክክሩ ፍሬ አፍርቶ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ካፍ ተመሠረተ። መሥራቾቹ አራት ሀገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያን ወክለው በጉባኤው የተገኙት አቶ ይድነቃቸው ናቸው።

አዲሱ ድርጅት ከመቋቋሙ ፈተና ገጠመው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ሳምንት በካርቱም ሊጀመር ታስቦ ሳለ፣ በአፓርታይድ ሥርዓት ሥር የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን እንደማትልክ አስታወቀች። ሊመጣ የሚችለው ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቡድን ነበር። ሦስቱ መሥራቾች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ከአራት አባላት አንዱን ማስወጣት ማለት የድርጅቱን ሩብ ማጣት ማለት ነው። በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ደቡብ አፍሪካ በግማሽ ፍጻሜ ልትገጥም የነበረው ከኢትዮጵያ ጋር ስለነበር፣ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስት ቡድኖች ብቻ የተሳተፉበት፣ ሁለት ጨዋታዎች ብቻ የተካሄዱበት የአፍሪካ ዋንጫ ዛሬ ላለው ተመልካች ኢምንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ካፍ በተመሠረተበት ሳምንት ከቁጥር ይልቅ መርሕን ማስቀደሙ ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት አቅጣጫ ሰጠ።

የ1954ቱ ዋንጫ

ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያስተናገደችው ኢትዮጵያ ናት። ተሳታፊዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ውድድር የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ነበሩ።

ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ለፍጻሜ ቀረበች። ቡድኑ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ፣ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ በወንዶች የአፍሪካ ዋንጫ ያገኘችው ብቸኛው ድል ይህ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይድነቃቸውን የሚያስታውሰው በዚህ ዋንጫ ሲሆን፣ አህጉሩ የሚያስታውሳቸው ግን ከዚያ በኋላ በስብሰባ አዳራሽ በሠሩት ሥራ ነው።

አፍሪካ ከዓለም ዋንጫ የቀረችበት ዓመት

በ1956 ዓ.ም. ፊፋ በእንግሊዝ ለሚካሄደው የ1958ቱ የዓለም ዋንጫ 16 ቦታዎችን ሲያከፋፍል አሥሩን ለአውሮፓ፣ አራቱን ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱን ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ሰጠ። አንዲት የቀረች ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሽንያ በጋራ ተተወች። የአፍሪካ ማጣሪያ አሸናፊ ገና ከሌላው አህጉር አሸናፊ ጋር ሌላ ማጣሪያ ማድረግ ነበረበት። ከቦዩ ታች የነበረው ማሳ የአፍሪካ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያ ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከእገዳ መልሶ ነበር። የጋናው ኦሄኔ ጃንና በወቅቱ የካፍ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በሁለቱም ጉዳዮች ግንባር ቀደም ተቃዋሚዎች ሆኑ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን እንደገና ቢያግድም በቦታው ጉዳይ ግን ፈቀቅ አላለም። በመሆኑም በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ለማጣሪያው የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ ሀገሮች በሙሉ ራሳቸውን አገለሉ።

ዋጋውን የከፈሉት ተጫዋቾች ናቸው። በተከታታይ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎችን ላነሣው የጋና ቡድን ያ ወቅት ዳግም አልተመለሰም። የአፍሪካ ቡድን ያልተገኘበት የዓለም ዋንጫም ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ በእንግሊዝ ተካሄደ። ሆኖም እርምጃው ውጤት አመጣ። ፊፋ ከቀጣዩ ውድድር ጀምሮ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ ሰጠ፤ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ በዚያ ቦታ ገብታ ሜክሲኮ ላይ ተጫወተች። አንድ ሀገር ብቻዋን ብታኮርፍ ኖሮ ሌላዋ ቦታዋን በወሰደች ነበር። የተገኘው ውጤት አሥራ አምስቱን በአንድ ውሳኔ ያስተሳሰረው የአስተዳደር ሥራ ፍሬ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት በመንበሩ

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ሰኔ 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተካሄደው የፊፋ ጉባኤ ብራዚላዊው ዦአዎ ሃቨላንዥ እንግሊዛዊውን ስታንሊ ራውስን አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ የአፍሪካ ድምፅ ከፍ ያለ ድርሻ ነበረው። ራውስ ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ እንድትመለስ የደገፉ ሰው ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል የተሰበሰበው ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ አባልነት አሰናበተ። በካርቱም ሦስት ሀገሮች የጀመሩት አቋም በ19 ዓመቱ የዓለም ድርጅት ውሳኔ ሆነ።

በእርሳቸው ዘመን ካፍ ውድድሮቹን አበዛ። በ1967 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊ ክለቦች ውድድር ተጀመረ። ፊፋ በአዲስ መልክ ያቋቋመው የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በ1969 ዓ.ም. የተካሄደው በአፍሪካ ምድር፣ በቱኒዝያ ነው። የዓለም ዋንጫ ተሳታፊዎች ቁጥር ወደ 24 ባደገበት በ1974 ዓ.ም. የአፍሪካ ድርሻ ሁለት ቦታ ሆነ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ዛየር በዩጎዝላቪያ 9 ለ 0 ስትሸነፍ፣ የአፍሪካን ቦታ የሚጠይቁ ድምፆች ተሰሙ። በመጋቢት 1970 ዓ.ም. በአክራ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የደረጃ ጨዋታ ደግሞ ቱኒዝያ የዳኛውን ውሳኔ በመቃወም ሜዳውን ጥላ ወጣች፤ ውጤቱ ለናይጄሪያ ተሰጠ። ያው የቱኒዝያ ቡድን ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ አርጀንቲና ላይ ሜክሲኮን 3 ለ 1 ረትቶ በዓለም ዋንጫ ያሸነፈ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆነ። በ1974 ዓ.ም. አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ በ1978 ዓ.ም. ሞሮኮ እንግሊዝ፣ ፖላንድና ፖርቱጋል የነበሩበትን ምድብ በአንደኝነት አጠናቀቀች።

በሌላ በኩል የዘመኑ አካሄድ የቀደመው አንድ ጉዳይ ነበር። ካፍ በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ባወጣው ደንብ በአፍሪካ ዋንጫ እያንዳንዱ ቡድን በውጭ ሀገር የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ እንዲያሰልፍ ይፈቅድ ነበር። የደንቡ ዓላማ የሀገር ውስጥ ሊጎች እንዳይራቆቱ መጠበቅ ነበር። የአውሮፓ ክለቦች የሚከፍሉት ገንዘብ እየበዛ፣ የሚሄደው ተጫዋችም እየጨመረ ሲመጣ ደንቡ ጸንቶ መቆየት ስላልቻለ በ1974 ዓ.ም. ተነሣ። ልጆቿ ውጭ ሲጫወቱ ሊጓ ባዶ የሚቀርባት ሀገር ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ አላገኘም።

መንበሩና የሀገሩ ቡድን

የይድነቃቸውን ታሪክ ሲመረምሩ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። ኢትዮጵያ ከ1949 እስከ 1962 ዓ.ም. በተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የአፍሪካ ዋንጫዎች አንድም ሳይቀር ተሳትፋለች። ይድነቃቸው ከተመረጡ በኋላ ባለው ዘመን፣ ከ1966 እስከ 1978 ዓ.ም. ባሉት ሌሎች ሰባት ውድድሮች ግን የተገኘችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ያስተናገደችው፣ ሁለተኛው በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ የተካሄደው ነው።

በ1968ቱ ውድድር ኢትዮጵያ ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፋ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፋ፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ በገዛ ሜዳዋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች። የካፍ ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊ፣ አስተናጋጇም ኢትዮጵያ ሆና ሳለ ነው ይህ የሆነው።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ የተራ አስጠባቂው ማሳ ከሌላው ቀድሞ አልጠጣም፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እስከ ደርግ ሥርዓት በተለዋወጠ ዓለም መንበራቸውን ጠብቀው መቆየታቸውም የሌሎቹ ሀገሮች እምነት እንዳልተለያቸው ያሳያል። ሁለተኛው ደግሞ ለሀገር ቤት መራር ነው። በአህጉር ደረጃ የተከበረ አስተዳዳሪ ማፍራት በየከተማው ክለብ፣ ሜዳና የታዳጊዎች ሥልጠና ማፍራትን አይተካም። በካይሮ የካፍ ጽሕፈት ቤት የሚጸድቅ ደንብ በወንጂ ወይም በሞጆ ኳስ አይሆንም፤ እዚያ የሚሠራው ሥራ እዚያው የሚገኙ ሰዎችን ይጠይቃል። የስኳር ፋብሪካዎቹ ቡድኖች ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር፣ እንዲሁም የአዳማ ከተማ ክለብ የአካባቢውን ልጆች እስከ ሀገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ያደረሱት በዚህ መንገድ ነው።

ከእርሳቸው በኋላ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ሲያርፉ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ለአጭር ጊዜ ኃላፊነቱን ይዘው ቆዩ፤ በ1980 ዓ.ም. የካሜሩኑ ኢሳ ሃያቱ ተመረጡ።

የሠሩበት ነገር ፍሬ የታየው ካለፉ በኋላ ነው። አፓርታይድ እየፈረሰ ሲሄድ ደቡብ አፍሪካ በ1984 ዓ.ም. ወደ ፊፋና ወደ ካፍ ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ጥቁሮችና ነጮች በተሰለፉበት ቡድን በሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። የካርቱሙ ጉባኤ የጠየቀው ከ39 ዓመታት በኋላ ተፈጸመ።

ኢትዮጵያም ለ31 ዓመታት ከራቀችበት የአፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችው በዚያችው በደቡብ አፍሪካ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ያደረገችው ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀኑ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን ዋንጫ ካነሣበት ዕለት ጋር በ51 ዓመት ልዩነት ተገጣጥሟል። አዳነ ግርማ ባስቆጠረው ግብ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ።

በ1958 ዓ.ም. የራሷ የሆነ አንድም ቦታ ያልነበራት አፍሪካ፣ ተሳታፊዎቹ 48 በሆኑበት በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታዎች ተመድበውላታል። በሀገር ውስጥ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሪሚየር ሊግ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹ ባለድርሻ በሆኑበት አክሲዮን ማኅበር ይተዳደራል። ስለዚህ የሊጉን ደንብ የማጽደቅና የማስከበር ኃላፊነት በራሳቸው በክለቦቹ እጅ ገብቷል። የይድነቃቸው የሥራ ዘመን ለእነርሱ የሚያቀርበው ፈተና ግልጽ ነው፦ አንድ ክለብ የተስማማበት ደንብ ራሱን በሚጎዳበት ቀንም ያከብረዋል ወይ?